ስፖንጁ የጋለበት ቀን

የዚያን ዕለት ጠዋት ያሳሰበኝ ነገር ቢኖር ፀሐዩ ብቻ ነበር። የመቀሌ ፀሐይ በግንቦት ገና በማለዳው ላሜራ ያግላል፤ በጋለ ላሜራ ላይ ደግሞ ፖሊሽ አይሠራም። ስለዚህ ቁርስ ሳልቀምስ መጥቼ፣ የቆርቆሮው ጥላ በማይደርስበት በኩል አሮጌ ሸራ ወጠርኩ፣ መሬቱን ውሃ አርከፈከፍኩበት፣ ማታ ያጠብኳቸውን ስፖንጆች ገመድ ላይ አሰጣሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ደንበኛ መጠበቅ ጀመርኩ።

አስቻለው እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ኮምቦልቻ ነው። መቀሌ የመጣሁት በወጣትነቴ አንድ ጋራዥ ውስጥ መኪና ቀለም ልቀባ ነበር፤ ሥራውም ከተማውም ተስማማኝና ቀረሁ። ያገባሁት እዚህ ነው። ሚስቴ የመቀሌ ልጅ ናት፤ ልጆቼም ከአማርኛ ይልቅ ትግርኛ ይቀናቸዋል። ጦርነቱ ሲመጣ የትም አልሄድኩም። መንገድ ሲዘጋ፣ ስልክ ሲቆረጥ፣ ነዳጅ ጠፍቶ መኪናው ሁሉ ባለበት ሲቆም፣ እኔም ማሽኔን በጨርቅ ጠቅልዬ አልጋ ሥር አስገባሁና ጎረቤቴ የሆነውን ሆንኩ። ሰላም ሲወርድ ከቀዳማይ ወያነ ገበያ ጀርባ ካለ ግቢ ውስጥ አንዲት ጥግ ተከራይቼ ሥራዬን እንደገና ጀመርኩ።

ፖሊሽ ሲባል ሰው ማብረቅረቅ ብቻ ይመስለዋል። ትልቁ ሥራ ግን ሙቀትን መጠበቅ ነው። ማሽኑ ላይ የሚለጠፈው ስፖንጅ ሲሽከረከር ይሞቃል። ከተጫኑት ይብስበታል፤ አንድ ቦታ ላይ ካቆዩትም ይብስበታል፤ ያለቀ ፖሊሽ ጠጥቶ ሲደርቅማ እሳት ነው። የጋለ ስፖንጅ መሐሉ ይቀልጣል፣ ማጣበቂያው ለቅቆት ይበራል። ከሁሉ የከፋው ግን ከቀለሙ በላይ ያለውን እንደ መስታወት ያለ ስስ ሽፋን ማቃጠሉ ነው። ያ ሽፋን አንዴ ከተቃጠለ መኪናው ቀለም ቤት ካልገባ በስተቀር አይመለስም። ስለዚህ የማሽኑን ፍጥነት ዝቅ አድርጌ እሠራለሁ፤ በራሱ ክብደት እንዲሄድ እንጂ በክንዴ አልጫነውም። ጥቂት እንደሠራሁ ቆም ብዬ ቀለሙን በመዳፌ ጀርባ እዳስሳለሁ። ሞቅ ካለኝ ስፖንጁን አውልቄ በብሩሽ አራግፌ ጥላ ላይ አስቀምጠውና የቀዘቀዘ እለጥፋለሁ። የጋራዥ ልጆች "ኤሊው" ይሉኛል። አይከፋኝም።

መኪናዋ ስትገባ ፀሐዩ ገና አልከረረም። ጥቁር ሰማያዊ፣ አሮጌ የቤት መኪና ናት። የሚነዷት ፀጉራቸው የሸበተ ረጅም ሰውዬ ናቸው፤ አጠገባቸው ነጭ ነጠላ የለበሱ ደርባባ እናት ተቀምጠዋል።

"ደሓን ዶ ሓዲርካ፣" ብለው ሰላምታ ሰጡኝ ሰውየው ወርደው። እጃቸው ያልበዋል። "ካሕሳይ እባላለሁ። እህቴ ናት፣ ዝማም ትባላለች። መኪናዋ የልጇ ናት። ቁሓ ባለው ቤቷ ግቢ ውስጥ ሸራ ተሸፍና ነው የኖረችው። ሞተሯን መካኒክ አይቶታል፤ የቀረው መልኳ ነው።"

ዞር ዞር ብዬ አየኋት። ሸራው በነፋስ እያሸ ቀለሙን ፈጅቶታል፤ ላይዋ ሁሉ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ነው። ጉዳቷ ግን ጥልቅ አይደለም።

"ትድናለች፣" አልኩ። "ሙሉ ቀን ግን ትፈጃለች።"

"ትፍጅ፣" አሉ አያ ካሕሳይ በጥድፊያ። "አትቸኩል። እስከ ማታም ይሁን።"

ሰው ሁሉ ቶሎ በል እያለኝ፣ አትቸኩል የሚል ደንበኛ ሲገጥመኝ ትንሽ ገረመኝ። እናትየው ወርደው ኮፈኖውን በነጠላቸው ጫፍ አበስ አደረጉት።

"ክብሮም እንደተዋት እንዲያገኛት ነው፣" አሉኝ በትግርኛ። "የሄዱት እየተመለሱ ነው። አቧራ ውስጥ ካገኛት ይቆጣኛል።"

አያ ካሕሳይ ጎማው ላይ የሆነ ነገር እንደሚያዩ ጎንበስ አሉ። ቀና ሲሉ ስልክ ቁጥሬን ተቀበሉኝ፤ ከዚያ ወደ እህታቸው ዞሩ።

"እኔ ጉዳይ አለብኝ። አንቺ እዚሁ ጥላው ሥር አረፍ በይ። ስልክሽን ስጪኝ፣ ካርድ ልሙላበት።"

"ካርድማ አለው እኮ።"

"አልቋል፤ ትናንት አይቼዋለሁ። አምጪው።"

ሰጧቸው። አያ ካሕሳይ ወደ ኋላቸው ሳይዞሩ ከግቢው ወጡ።

ለአደይ ዝማም፣ እናት ዝማም እንደማለት ነው፣ በርጩማ አቀረብኩላቸውና መኪናዋን ማጠብ ጀመርኩ። ትግርኛዬ ውስጥ ያለውን ለዛ ሰምተው ነው መሰለኝ ብዙም ሳይቆዩ ጠየቁኝ።

"የወሎ ልጅ ነህ?"

"ኮምቦልቻ።"

ወዲያው ወደ አማርኛ ዞሩ። "ነርስነት የተማርኩት ደሴ ነው! ያ ብርዳችሁ! ጠዋት ጠዋት መርፌ ስንቀቅል እጃችን ይደነዝዝ ነበር።" ሳቁ። ሲስቁ ዓይናቸው ይጠፋል። "ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሐኪም ቤት ነው ያረጀሁት ወደይ። ማይጨው፣ ቁሓ፣ እዚህም።"

ወደይ ማለት ልጄ ማለት ነው። እዚህ አገር ትልቅ ሰው ለማያውቀው ወጣት የሚለው ቃል ነው። እንደዚያ ሲሉኝ ግን፣ አማርኛው ላይ ስለተጨመረ ነው መሰለኝ፣ ማጠቡን ትቼ ቀና አልኩ።

ማሽኑን አስነስቼ ከኋላ ኮፈኖ ጀመርኩ። ጥቂት ሠርቼ ቆምኩ፣ በእጄ ዳሰስኩ፣ ቀጠልኩ፤ እንደገና ቆምኩ። እሳቸው ከበርጩማቸው ሆነው በትኩረት ያዩኛል።

"ለምንድነው እንዲህ የምትነካካው?"

"እንዳይሞቅ ነው፣ እናቴ። ስፖንጁ ከጋለ ቀለሙን ያቃጥለዋል።"

"ትኩሳት መለካትህ ነዋ!" ብለው ተነሱ። መጥተው የመዳፋቸውን ጀርባ እኔ ከነካሁት አጠገብ አሳረፉ። "ይሄ ደህና ነው። ለብ ያለ ነው።"

ከዚያ በኋላ በርጩማው ላይ አልተቀመጡም። ያወለቅኳቸውን ስፖንጆች እየተቀበሉ በብሩሽ ያራግፋሉ፤ ጥላው ሥር ባለው ጣውላ ላይ ይደረድራሉ፤ ትንሽ ቆይተው ጉንጫቸው ላይ እያስነኩ "ይሄኛው በርዷል" ብለው ያቀብሉኛል። ቢጫውን ለጭረት፣ ጥቁሩን ለማጥሪያ እንደምጠቀም ሳልነግራቸው ገባቸው። ሥራ ላይ ነርስ ሆነው ይታዩኛል።

እየሠራን ስለ ክብሮም አወሩልኝ። ብቸኛ ልጃቸው ነው። መንገድ ሥራ ላይ ቀያሽ ነበር፤ ሜዳ ለሜዳ ሲዞር ሰንብቶ ይችን መኪና ገዛ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልብሱን ሳይቀይር ያጥባታል። ውስጧ ዳቦ መብላት ክልክል ነው፤ እናቱን እንኳ "ፍርፋሪ!" እያለ ይቆጣል። ጦርነቱ ሲመጣ ከጓደኞቹ ጋር ሄደ።

"ከሄደ በኋላ ጎማዎቿን አስፈትቼ ከበርበሬው ጆንያ ኋላ ደበቅኳቸው፣" አሉኝ። "ባትሪዋን ማደሪያዬ ውስጥ አስገባሁት። ጎማም ባትሪም የሌላትን መኪና ማን ይወስዳታል? ሊወስዷት ብዙ ጊዜ መጥተው አዩዋት፤ ትተዋት ሄዱ።"

"ብልህ ነዎት።"

"ብልህ አይደለሁም፤ ሌላ የማስቀምጥለት ነገር አልነበረኝም።" ስፖንጁን አራገፉ። "ባለፈው አንድ የሰፈራችን ልጅ ቆስሎ ተመልሶ፣ ክብሮምን አይቼዋለሁ አለኝ። መቼ ስለው ጊዜውን አያውቀውም። ቢሆንም አይቶታል።"

እኩለ ቀን ላይ ሕምባሻ አውጥተው ቆርሰው ሰጡኝ። መኪናዋ አጠገብ እንዳልበላ፣ ራቅ ብለን ግንቡ ሥር እንድንቀመጥ አደረጉኝ። "ባለቤቷ አይወድም፣" አሉ እየሳቁ።

በልተን ወደ ፊት ኮፈኖ እንደዞርን ስልኬ ጮኸ።

"አስቻለው ነህ? ካሕሳይ ነኝ። አጠገብህ ናት?"

"አዎ።"

"ራቅ በል። መልስ አትስጥ፤ ዝም ብለህ ስማኝ።"

ወደ ግቢው በር ሄድኩ።

"ክብሮም የለም፣" አሉኝ። ድምፃቸው እንዳይሰበር ቶሎ ቶሎ ነው የሚያወሩት። "የመርዶው ወረቀት እጄ ከገባ ሰንብቷል። ከዓዲግራትም ከማይጨውም ዘመድ እስኪሰበሰብ ነው የጠበቅነው። ነገ ንጋት ላይ እናረዳታለን። ዛሬ ቁሓ ቤቷ ውስጥ ድንኳኑንም ሁሉንም እያሰናዳን ነው። እንዳትመጣብን። መኪናዋን እንዳትጨርስ፣ በጃኻ፣ እባክህ። ማታ መጥቼ እኔ ቤት አሳድራታለሁ። ደግሞ ስልክ እንዳታውሳት፤ ከሩቅ ያለ ዘመድ እግዚአብሔር ያጽናሽ ብሎ እንዳያፈነዳው። ብቻዋን ሆና እንዳትሰማ። ሌላ የምለምንህ የለም። ወንድሜ፣ ትሰማኛለህ?"

"እሰማለሁ።"

"ሰው ሳይደግፋት እንዳትሰማ።"

ስልኩ ተዘጋ። በሩ ላይ ቆሜ መንገዱን አየሁ። አንዲት ሴትዮ ሽንኩርት በሳፋ ይዛ አለፈች። ባጃጅ አለፈ። ፊቴን በውሃ ታጠብኩና ዞርኩ።

"ቀጥለናል?" አሉ አደይ ዝማም፤ የቀዘቀዘውን ስፖንጅ ይዘው ቆመዋል።

"ቀጥለናል።"

ተቀበልኳቸው። ለጠፍኩት። ማሽኑን ኮፈኖው ላይ አሳረፍኩና አስነሳሁት። ቀና ብዬ እንዳላያቸው ዓይኔን ስፖንጁ ላይ ተከልኩ። ግን የማየው ስፖንጁን አልነበረም። ቁሓ ላይ የሚወጠረውን ድንኳን፣ ነገ ንጋት ላይ በር የሚያንኳኩትን ሽማግሌዎች ነበር የማየው። ክንዴ መቼ እንደተጫነ አላውቅም። ማሽኑ መቼ መንቀሳቀስ እንዳቆመም አላውቅም።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። የሚነድ ላስቲክ ሽታ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ፣ ስፖንጁ ከማሽኑ ተላቅቆ ግንቡን መታው። ማሽኑን አጠፋሁት። ኮፈኖው መሐል ላይ መዳፍ የምታህል የነጣች ጠባሳ ወጥታለች። ይህን ሥራ ከጀመርኩ የሰው መኪና አቃጥዬ አላውቅም።

"ይቅር ይበሉኝ እናቴ! አስተካክለዋለሁ፣ ቀለም ቤት ወስጄ እኔው ራሴ..."

አደይ ዝማም ኮፈኖውን አላዩትም። የሚያዩት እኔን ነው።

"ከጠዋት ጀምሮ በእጅህ ስትዳስስ ነበር፣" አሉኝ ቀስ ብለው። "አሁን ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልነካኸውም።"

"ሐሳብ... ሌላ ደንበኛ ደውሎልኝ ነው።"

"ካሕሳይ ነው የደወለልህ?"

"አይደለም፣ እናቴ።"

"ወደይ፣" አሉኝ። አንድ እርምጃ ቀረቡኝ። "እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሐኪም ቤት ነው የሠራሁት። በር ላይ ቆሞ ለሚጠብቅ ቤተሰብ ወጥቼ ስነግር ነው የኖርኩት። ከመናገሬ በፊት ፊቴን እታጠብ ነበር። አንተም ታጥበህ መጣህ።"

አዎም አይደለምም ማለት አቃተኝ። የጠዋቱ ነገር ሁሉ፣ የወንድማቸው ጥድፊያ፣ የስልኩ ነገር፣ አንድ በአንድ በዓይናቸው ውስጥ ሲገጣጠም አየሁት። እጃቸው የመኪናዋን መስታወት ፈልጎ ያዘ። አሁን ጩኸቱ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። ልደግፋቸው እጄን ዘረጋሁ።

ጩኸቱ አልመጣም።

"እንዳትነግረኝ፣" አሉኝ። ድምፃቸው የወጣው ከሩቅ ነው። "አፍህን እንዳትከፍት። ምንም እንዳትለኝ።"

"እሺ።"

"ነገ ነው?"

ማሽኑን ከእጄ አስቀመጥኩ።

"ነገ ነው፤ ገባኝ። በንጋት ነው የሚደረገው። ካሕሳይ ዘመዱን ሁሉ ጠርቶ ይሆናል፤ ለዚህ ነው ሰሞኑን ዓይኔን የማያየኝ።" በርጩማው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። "የባሌን ሞት የነገረኝ እሱ ነበር። ወጣት ነበር፣ አላወቀበትም፣ ውሃ ልቀዳ እንስራ እንደያዝኩ በመንገድ ላይ ነገረኝ። ወደቅሁ። በሆዴ ክብሮም ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ ያን ነገር ራሱን ይቅር አላለም። አሁን ደግሞ በወጉ ሊያረዳኝ ሲደክም ሰንብቶ፣ ከሌላ ሰው ሰማች ቢባል ይሞትብኛል። ሌላ ወንድም የለኝም።"

እንባቸው ይወርዳል፤ አይጠርጉትም፤ ድምፅ ግን የለውም።

"ደግሞ እስኪነግሩኝ ድረስ ልጄ አልሞተም፣" አሉኝ። "እስከ ነገ ጠዋት አለልኝ። ዛሬን ተወኝ፣ ወደይ። ዛሬን መኪናዋን አብረን እንጨርስለት።"

እንዴት ብዬ ማሽን ላንሳ? እሳቸው ራሳቸው ተነሱ። ጥላው ላይ ካሉት ስፖንጆች አንዱን አንስተው፣ ጉንጫቸው ላይ አስነክተው፣ ሰጡኝ።

"ይሄ በርዷል። ኮፈኖውን ተወው። ጎኗን ጨርስ።"

ጨረስን። በሮቿን አንድ በአንድ ሠራን። እኔ ማሽኑን ስይዝ እሳቸው መዳፋቸውን ቀለሙ ላይ አስቀምጠው ይከተሉኛል፤ ሞቅ ሲል "ቆም በል" ይላሉ፣ እቆማለሁ። አንዴ ብቻ የሹፌሩን በር ከፍተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባራቸውን አስደገፉበት። ዞር አልኩላቸው።

ወደ ማምሻው ላይ በጨርቅ እያጸዳን ሳለ ጠየቁኝ።

"አንተስ? እናት አለችህ?"

"የለችም።"

"በጦርነቱ ጊዜ ነው?"

ለማንም አውርቼው አላውቅም ነበር። ስልክ የተለቀቀ ዕለት መጀመሪያ የደወልኩት ለእናቴ መሆኑን ነገርኳቸው። ያነሳችው ጎረቤታችን ናት። እናቴን አገናኚኝ ስላት፣ "እንዴ አስቻለው፣ አልሰማህም እንዴ? እሷማ ዓመቷንም አወጣን እኮ!" አለችኝ። ክፋት አልነበራትም። ሰው ሁሉ አልቅሶ፣ ቀብሮ፣ ተዝካር አውጥቶ፣ ከል አውልቆ ጨርሷል። የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሮማናት አደባባይ ላይ፣ ታክሲ የሚጠብቅ ሕዝብ መሐል ቆሜ ነበር። ስልኩን ኪሴ ከትቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ለሚስቴ ነገርኳት፤ እሷም በዚያው ሰሞን ሁለት የአጎቶቿን ልጆች ሞት ሰምታ ነበር። የቱን አስቀድመን እናልቅስ? በየቤቱ ሐዘን ባለበት ከተማ፣ መንገዱ ወዲያ ማዶ የሞተች እናቴን ይዤ ማን ደጅ ልቀመጥ? ሳላለቅስ ቀረሁ።

አደይ ዝማም ጨርቁን እንደያዙ ሰሙኝ። ትከሻዬን አንዴ ጫን አድርገው ያዙና ለቀቁኝ።

አያ ካሕሳይ ሲመጡ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ዓይናቸው ቀልቷል። እኔን በጥያቄ አዩኝ፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ። አደይ ዝማም ፊታቸውን ታጥበው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው በርጩማው ላይ ተቀምጠዋል።

"ቆየህሳ፣" አሏቸው። "ካርዱን ሞላህልኝ?"

"ኔትወርክ የለም... ኔትወርክ እምቢ አለኝ፣ ሓፍተይ፣ እህቴ።"

"ይሁና። ነገ ትሞላልኛለህ።"

ወንድምየው ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ ኮፈኖው ላይ ያለችውን ጠባሳ አዩ፤ ምን ሆነ እንዳይሉ ቀድመው አደይ ዝማም ተናገሩ። "እኔ ነኝ በወሬ ያዘናጋሁት። ልጁን እንዳትቆጣው።" ሁለቱም ተሳፈሩ። መኪናዋ እያብረቀረቀች ወጣች።

በማግስቱ ከሚስቴ ጋር በማለዳ ቁሓ ሄድን። ድንኳኑ ሞልቷል። አረድተዋቸው ከወንድማቸው ቤት ይዘዋቸው ሲመጡ ጩኸቱ ከመንገዱ ማዶ ቀድሞ ደረሰ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከትናንት ጀምሮ ስላወቁት ይቀላቸዋል ብዬ ነበር። አልቀለላቸውም። ያን ጩኸት ማንም አስመስሎ አይጮኸውም። አያ ካሕሳይ በአንድ ወገን ሴቶቹ በሌላ ወገን ደግፈዋቸዋል፤ "ክብሮም! ክብሮም!" ሲሉ ጉልበታቸው ከዳቸው፤ ወንድማቸው መሬት ሳይነኩ ያዟቸው። ሰውዬው እያለቀሱ፣ "ይዤሻለሁ፣ ይዤሻለሁ" ሲሉ ሰማሁ።

ሌላ ቀን ደግሞ ከሥራ መልስ ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ከወንዶቹ መሐል ተቀምጬ ሳለሁ አደይ ዝማም ከሴቶቹ በኩል አዩኝ። ድምፃቸው ተዘግቷል፤ በእጃቸው ጠሩኝ። ፊታቸው ሄጄ በርከክ አልኩ።

"እናትህ ስሟ ማን ነበር?"

"የሺመቤት።"

ወደ ሴቶቹ ዞሩ። በትግርኛ ነው የተናገሩት። "ይሄ ልጅ እናቱ ወሎ ሞታ፣ መንገድ ተዘግቶበት ሳያለቅስላት ቀርቷል። የሺመቤት ትባላለች። አልቅሱላት።"

እኔ ደነገጥኩ። በዚያ ድንኳን ውስጥ ካሉት ሴቶች ስንቷ ልጇን አጥታለች! የወሎን ስም ማንሳቱ ራሱ ከብዶኝ ነበር። ከዚያ አንዲት አሮጊት ከጥግ ሆነው ዜማውን አነሱ። "አደይ የሺመቤት..." አሉ። ሌሎቹ ተቀበሏቸው። አይተዋት የማያውቋትን እናቴን፣ ልጇን ሳታይ የሞተችውን፣ በቋንቋቸው አለቀሱላት። ስሟ ከአንዷ አፍ ወደ ሌላዋ እየተላለፈ በድንኳኑ ውስጥ ዞረ። አጠገቤ የነበሩት ወንዶች ተነስተው ቆሙ። ያኔ ነው የወጣልኝ። ግንባሬን መሬት ላይ ደፍቼ አለቀስኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም።

በዚያው ዓመት ክረምት ከመግባቱ በፊት ወደ ኮምቦልቻ ሄድኩ። ከዚያ በፊት መንገዱ ቢከፈትም እግሬን የሚጎትተኝ ነገር ነበረ፤ ሁሉም ጨርሶ እኔ ባዶ እጄን የምደርስ ይመስለኝ ነበር። እህቴ በሩን ከፍታ ስታየኝ እንደ አዲስ ጮኸች፤ አብረን አለቀስን። መቃብሩ ላይ ቆሜ፣ "ቁሓ ላይ ተለቅሶልሻል" አልኳት እናቴን።

ወገኖቼ፣ እኔ መምህር አይደለሁም፤ ምን ተማርክ ብትሉኝ በቅጡ የምመልስላችሁ የለኝም። ድሮ መርዶ የሚያዘገዩ ሰዎችን ሳይ ይገርመኝ ነበር፤ እውነትን መደበቅ ምን ይጠቅማል እል ነበር። አሁን ግን የአገሬ ሰው ዘመድ የሚሰበስበው፣ በንጋት በር የሚያንኳኳው፣ ከግራ ከቀኝ የሚደግፈው ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። ሞቱን ማንም አይቀንሰውም። ሰውየው ሲወድቅ መሬት እንዳያገኘው ነው። ስንቶቻችሁ በዚህ ዘመን በስልክ፣ በመንገድ፣ ከማታውቁት ሰው አፍ ሰምታችሁ ብቻችሁን ወድቃችኋል! ካላለቀሳችሁለት ሰው ጋር እየኖራችሁ ያላችሁ ካላችሁ፣ ጊዜው አልፏል አትበሉ። ስሙን የምትነግሩት አንድ ሰው ፈልጉ።

አደይ ዝማምን እስከ ዛሬ እጠይቃቸዋለሁ። ልጆቼ አያታችን ይሏቸዋል። ያ ዕለት በመካከላችን ተነስቶ አያውቅም ነበር፤ እኔም ለሚስቴ እንኳ ሳልናገር ኖርኩ። ዘንድሮ አያ ካሕሳይ ታመው አረፉ። ከቀብር መልስ አደይ ዝማም ክንዴን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ።

"ታሞ ሳለ ምን አለኝ መሰለህ?" አሉ። "ዝማም፣ በመጀመሪያው በድዬሽ ነበር፤ የክብሮምን ግን በደንብ ይዤሻለሁ አይደል? አለኝ። እወ፣ በደንብ ይዘኸኛል አልኩት። ደስ ብሎት ተኛ።"

ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

"እውነቴን ነው ደግሞ፤ ይዞኛል። አሁን ለፈለግኸው ሰው ተናገር፣ ወደይ። እሱን የሚጎዳው ነገር የለም።"